መብቱ እዚህ፣ ቁልፉ ሌላ ቢሮ

በቆርቆሮ የታሸገ ሲጋራ ነው፤ በአንድ ቆርቆሮ 300 ፍሬ። ሐኪም ያዝዘዋል፣ መድኃኒት ቤት ያስረክበዋል፣ ታማሚው ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል። ውስጡ ያለው ግን ትምባሆ አይደለም። በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ፈቃድና ገንዘብ የበቀለ ማሪዋና ነው። ደርቆና ከርሞ ስለሚደርስ ታማሚዎቹ እርጥበት እየሰጡ ያለሰልሱት ነበር። ያው መንግሥት ግን ይኸው ቅጠል ኪሱ ውስጥ የተገኘበትን ሌላ ሰው በካቴና አስሮ ይወስድ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሰው ዓይን ነው። ሮበርት ራንዳል የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ነበር፤ ግላኮማ የዓይኑን ብርሃን ቀስ በቀስ እየነጠቀው ነው። ማሪዋና ሲያጨስ የዓይኑ ግፊት እንደሚቀልለት ስላወቀ ቤቱ ጥቂት ተክል አቆመ። በ1975 ፖሊስ ደረሰበት (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እዚህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍርድ ቤት ቀርቦ ከመታወር የሚተርፍበት ሌላ መንገድ እንዳልነበረው ተከራከረ፤ በ1976 ነጻ ወጣ። መንግሥትም ማሪዋናውን ራሱ ያቀርብለት ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ወግ ይዞ ሌሎችም ሊያመለክቱበት የሚችሉበት ፕሮግራም ሆነ። ለዓመታት ግን የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ወረቀቱ ብዙ፣ ሐኪሙ ፈሪ፣ ጥበቃው ረጅም ነበርና።

ከዚያ ኤድስ መጣ። ምግብ አልወርድ ያላቸው፣ ማቅለሽለሽ ያደከማቸው ወጣቶች ማመልከቻ ያጎርፉ ጀመር። የጤና ሹማምንቱ ያን ጊዜ ደነገጡ። በ1991 ፕሮግራሙ እንደሚዘጋ ተነገረ፤ በ1992 ለአዲስ ገቢ ተዘጋ። ቀድመው የገቡት ከ15 የማይበልጡ ሰዎች ግን ቆርቆሯቸውን እንደተቀበሉ ቀጠሉ።

ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ ያውም ሕግ በጥብቅ የሚቆጣጠረው መድኃኒት በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ባነሣሁ ቁጥር የምመለሰው እዚች ቆርቆሮ ላይ ነው። በሩ የሚከፈተው ጠያቂው ጥቂት እስከሆነ ድረስ ነው። ለአንድ ሰው ምሕረት፣ ለአምስት ሰው ልዩ ፈቃድ ይገኛል። መቶ ሰው ሲመጣ ነገሩ «ፖሊሲ» ይሆንና ይዘጋል። አገር እየለወጥኩ ባየሁትም ያው ነው።

ሁለት መዝጊያ እንዳለ መረዳት ይገባል። አንደኛው ማንኛውም አዲስ መድኃኒት የሚያልፍበት ነው፤ ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ በክሊኒካዊ ሙከራ ካልተረጋገጠ ለሽያጭ አይወጣም። አሜሪካ ውስጥ ይህን በር የሚጠብቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ኤፍዲኤ ነው። ሁለተኛው መዝጊያ አደንዛዥና አእምሮን የሚለውጡ ንጥረ ነገሮችን ይመለከታል፤ ጠባቂው የፖሊስ ጠባይ ያለው መሥሪያ ቤት፣ ዲኢኤ ነው። በ1970 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ንጥረ ነገሮቹን በአምስት ሠንጠረዥ መደባቸው። አንደኛው ሠንጠረዥ ለሱስና ለአላግባብ መጠቀም የተጋለጡ፣ ተቀባይነት ያገኘ የሕክምና ጥቅም የሌላቸው፣ በሐኪም ክትትልም እንኳ ደኅንነታቸው ያልተረጋገጠ የተባሉት የታጎሩበት ነው። ሄሮይን እዚያ ነው፤ ኤልኤስዲ እዚያ ነው፤ ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዝርያዎች የሚገኘው ሳይሎሲቢንም እዚያው ነው። በ1971 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም እንደ ኤልኤስዲና ሳይሎሲቢን ያሉትን ለሳይንስና እጅግ ለተወሰነ የሕክምና አገልግሎት ካልሆነ በቀር ከልክሏል።

ክቡ እዚህ ላይ ይገጥማል። የሕክምና ጥቅም የለውም የተባለው ስላልተጠና ነው፤ ያልተጠናው ደግሞ የሕክምና ጥቅም የለውም ተብሎ ስለተዘጋበት ነው። ይህን ክብ ለመስበር ተመራማሪ የተለየ ምዝገባ፣ የተለየ ካዝና፣ የተለየ ፍተሻ ያስፈልገዋል። ታማሚው ደግሞ ካዝናው እስኪገጠም አይቆይም።

ለጠባቂዎቹ ግን ፍትሕ እንስጣቸው። የመጀመሪያው በር ያለ ነገር አልተሠራም። በ1970ዎቹ ከአፕሪኮት ፍሬ አስኳል የሚወጣ ሌትሪል የሚባል ነገር የካንሰር ፈውስ ነው ተብሎ በአሜሪካ ናኘ። ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣልና ሺዎች ገዙት። ታማሚዎች ለሞት የቀረበን ሰው ስለደኅንነት ማስጨነቅ ምን ይረባል ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 በአንድ ድምፅ አልተቀበላቸውም፤ ሕጉ ለሟች ታማሚ የተለየ ቀዳዳ አልተወለትም አለ። በኋላ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ባስጠናው ሙከራ ከ178 ታማሚዎች በመድኃኒቱ የዳነም የተሻለውም አልተገኘም፤ ይልቁንም በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ አደገኛ የሳያናይድ መጠን ታየ። ተስፋን እንደ ሸቀጥ የሚቸረችር ሰው በየዘመኑ አለ።

የሌላኛው ወገን ታሪክም እንዲሁ ይከብዳል። አቢጌይል በሮውስ በ2001 በ21 ዓመቷ በራስና አንገት ካንሰር ስትሞት ሐኪሟ ሊሞክርላት የፈለገው መድኃኒት ገና በሙከራ ላይ ስለነበር አላገኘችውም። አባቷ በስሟ ማኅበር አቋቁሞ ኤፍዲኤን ከሰሰ። በ2006 የይግባኝ ችሎቱ ሦስት ዳኞች ሁለት ለአንድ ፈረዱለት። በ2007 ሙሉው ችሎት ገለበጠው፤ በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት አይደለም ተባለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 ጉዳዩን አላይም አለ። ያው መድኃኒት፣ ኤርቢታክስ፣ በ2006 ለራስና አንገት ካንሰር ጸድቆ ነበር። ይህ ማን ልክ እንደነበረ አያረጋግጥም፤ ብዙዎቹ የሙከራ መድኃኒቶች ሳይጸድቁ ይቀራሉና። አባትን ግን ይህን ስሌት አስረድተህ አታጽናናውም።

ከፍርድ ቤት ያላገኙትን ከሕግ አውጪ ጠየቁ። ኮሎራዶ በ2014 «የመሞከር መብት» ሕግ ስታወጣ ሌሎች ግዛቶች ተከተሉ፤ ፌዴራሉን ሕግ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በግንቦት 2018 ፈረሙት። ሕይወቱን የሚያሰጋ ሕመም ያለበት፣ የጸደቀ ሕክምና አልረዳ ያለው፣ ክሊኒካዊ ሙከራ ውስጥም መግባት ያልቻለ ሰው፣ የመጀመሪያውን የሙከራ ደረጃ ያለፈ መድኃኒት በሐኪሙ አማካይነት ከአምራቹ መጠየቅ ይችላል። የኤፍዲኤ ፈቃድ አያስፈልገውም። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን አምራቹ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ኢንሹራንስም የመክፈል ግዴታ የለበትም። ደግሞስ ኤፍዲኤ መቼ ከለከለ? «የሰፋ ተደራሽነት» በሚባለው የቆየ መንገድ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ከመቶ 99ኙን ይፈቅድ ነበር። ሕጉ የሰበረው ክፍት የነበረውን በር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሁለቱ መዝጊያዎች ፊት ለፊት የተጋጩት ሲያትል ላይ ነው። ሱኒል አጋርዋል የማስታገሻ ሕክምና ሐኪም ነው፤ ኤይምስ በሚባል ክሊኒክ የሚያክማቸው ከባድ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹን ከሕመሙ እኩል የሚያሠቃያቸው የሞት ፍርሃት ነው፤ በሐኪሞች ቋንቋ የህላዌ ጭንቀት። አጋርዋል ሳይሎሲቢን ሊሞክርላቸው ፈለገ። ንጥረ ነገሩ የመጀመሪያውን ደረጃ ካለፈ ቆይቷል፤ ምርምሩም በመካሄድ ላይ ነው፤ የመሞከር መብት ሕጉ የጠየቀውን ሁሉ ያሟላል። የቀረው እንቅፋት ሠንጠረዥ አንድ ነው። ክሊኒኩ በ2021 መጀመሪያ ለዲኢኤ ጽፎ በዚህ ሕግ መሠረት ንጥረ ነገሩን የሚያገኝበትን መንገድ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፦ ኮንግረስ የቁጥጥር ሕጉን እንድናነሣ ሥልጣን አልሰጠንም።

ክሊኒኩ ወደ ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ሄደ። በርካታ ግዛቶች፣ የዋሽንግተን ግዛትን ጨምሮ፣ ከታማሚዎቹ ጎን ቆመው አስተያየት አስገቡ። ፍርድ ቤቱ ግን በጥር 2022 ጉዳዩን ዘጋው፤ ታማሚዎቹ መብት አላቸው ወይም የላቸውም ብሎ ሳይሆን፣ የዲኢኤ ደብዳቤ የመጨረሻ ውሳኔ ስላልሆነ ልንመረምረው አንችልም ብሎ። በግንቦት ወር ታማሚዎችና ደጋፊዎቻቸው ቨርጂኒያ የሚገኘው የዲኢኤ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተሰለፉ፤ ጥቂቶቹ ታሰሩ። ሐኪሙ በሌላ መንገድ ንጥረ ነገሩ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሠንጠረዥ እንዲወርድ አመለከተ፤ ዲኢኤ አልቀበልም አለ። በጥቅምት 2023 ያው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ዲኢኤ የከለከለበትን ምክንያት በቂ አድርጎ አላስረዳም ብሎ ፋይሉን መለሰው። መለሰው ማለት እንደገና ለዲኢኤ ማለት ነው። የፈተናውን ወረቀት ለተፈታኙ መልሶ «እስቲ አሁን ራስህን አርም» እንደማለት።

ሰው ይህን ያህል የሚሟገትለት ነገር ይሠራል ወይ? በ2016 ሁለት ጥናቶች አንድ ላይ ወጡ፤ አንዱ ከጆንስ ሆፕኪንስ በ51፣ ሌላው ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ29 የካንሰር ታማሚዎች ላይ የተሠሩ። ታማሚው ሶፋ ላይ ጋደም ይላል፤ ዓይኑን ይሸፍናል፤ ሙዚቃ በጆሮው ይንቆረቆራል። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ያወሩታል፣ ሲፈልግ ዝም ይሉታል። ከስድስት ወር በኋላም ከሆፕኪንሶቹ ከአምስት ሰው አራቱ ገደማ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው እንደቀለለ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ፣ እውነተኛውን መድኃኒት የወሰደ ሰው መውሰዱን ያውቃል። ግድግዳው ሲተነፍስ እያየ «የሰጡኝ ስኳር ይሆን?» ብሎ የሚጠራጠር የለም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ሥራ ከተስፋው ሥራ መለየት ይቸግራል። የኤፍዲኤ አማካሪዎች በሰኔ 2024 ሌላ አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር፣ ኤምዲኤምኤን፣ ለድኅረ አደጋ ጭንቀት ሲመረምሩ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነበር። ጥቅሙ ከጉዳቱ አይበልጥም ሲሉ 10 ለ1 ድምፅ ሰጡ፤ በነሐሴ መድኃኒቱ ሳይጸድቅ ቀረ። ውሳኔው አያስቆጣኝም። የሚያስቆጣኝ ለሽያጭ የማጽደቅና ለአንድ ሟች ታማሚ የመፍቀድ ጥያቄ እንደ አንድ መታየቱ ነው።

ካናዳ ሌላ መንገድ ሞከረች። እዚያ «ልዩ ተደራሽነት» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሐኪም ያልጸደቀ መድኃኒት ለአንድ ታማሚ ይጠይቅበታል። በ2013 በቫንኩቨር ሌላ ነገር ላልረዳቸው የሄሮይን ሱሰኞች በሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ ሄሮይን በዚሁ በር ሲፈቀድ፣ የዘመኑ የጤና ሚኒስትር ሮና አምብሮዝ ደንብ አውጥታ በሩን ዘጋችው፤ ከዚያ ወዲህ ሄሮይን ብቻ ሳይሆን እንደ ሳይሎሲቢን ያሉትም በዚያ መንገድ ማለፍ አልቻሉም። በሌላ ጉዳይ የተቆጣች ሚኒስትር በሩን ስትወረውረው የካንሰር ታማሚም ጣቱ አብሮ ተቆረጠ ማለት ነው።

በነሐሴ 2020 ሌላ ሚኒስትር፣ ፓቲ ሃይዱ፣ ከቁጥጥር ሕጉ ነጻ የማድረግ ሥልጣኗን ተጠቅማ አራት የካንሰር ታማሚዎች ሳይሎሲቢን እንዲወስዱ ፈቀደች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕክምናውን የሚሰጡ ጥቂት ባለሙያዎችም ለሥልጠና ራሳቸው እንዲቀምሱት ተፈቀደላቸው። በ2022 ወደ መቶ የሚጠጉ ሌሎች ባለሙያዎች ያንኑ ሲጠይቁ ግን አይሆንም ተባሉ። ቆርቆሮዋን አስታወሳችሁ? በዚያው ዓመት ጥር ላይ የ2013ቱ ክልከላ ተነሥቶ ሐኪሞች በልዩ ተደራሽነቱ እንዲጠይቁ ተፈቀደ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ውሳኔው ለእያንዳንዱ ታማሚ በየተራ ስለሚሰጥ፣ ወራት አለፉብን ያሉ ታማሚዎች መንግሥትን ፍርድ ቤት ገተሩት።

ስዊዘርላንድ ሳትጮህ ነው የምትሠራው። ኤልኤስዲም ሳይሎሲቢንም ከላቦራቶሪ የወጡት በባዝል፣ በኬሚስቱ በአልበርት ሆፍማን እጅ ስለሆነ ይሆን፣ ድንጋጤው ያነሰ ነው። የጤና መሥሪያ ቤቱ ሐኪም ሲያመለክት ለእያንዳንዱ ታማሚ በተናጠል ይፈቅዳል። እስራኤል በ2019 የጤና ሚኒስቴሯ ለ50 የድኅረ አደጋ ጭንቀት ታማሚዎች ኤምዲኤምኤ በርኅራኄ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ልጆቻቸውን ለውትድርና የሰጡ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች እዚያ ስላሉ ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። እንግሊዝ በ2018 የሚጥል በሽታ ያለበት የ12 ዓመት ልጅ የካናቢስ ዘይቱን ሂትሮው ላይ ተነጥቆ ሆስፒታል ሲገባ፣ አገሩ ተቆጥቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሐኪሞች እንዲያዝዙት ፈቀደች። ከሳይንቲስቶች ሪፖርት ይልቅ የአንድ እናት እንባ ፈጠነ።

አውስትራሊያ ግን ከሁሉም ደፈረች። ከሐምሌ 1፣ 2023 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ኤምዲኤምኤን ለድኅረ አደጋ ጭንቀት፣ ሳይሎሲቢንን ሌላ ሕክምና ላልበገረው ድብርት እንዲያዝዙ ፈቀደች። በሩ ለሁሉም ተከፈተ ሲባል ዋጋው በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ ሙሉ ሕክምና ከ20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። እዚያ ሕጉ ያልመረጠውን ኪስ ይመርጠዋል።

ወደ እኛ ልምጣ። እነዚህ ሕጎች ሁሉ አንድ ነገር እንደ ቀላል ይቆጥራሉ፦ ታማሚው እንደሚሞት ያውቃል፣ አውቆም ይፈርማል። እኛ ዘንድ ግን ሕመሙ የሚነገረው ለልጅ፣ ለወንድም ነው፤ ለራሱ ለታማሚው አይደለም። በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት ላስተረጉም ሆስፒታል ሄጄ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ አደራዎን፣ ካንሰር የሚለውን እንዳይነግሯት። ሆዷ ነው በሉልኝ።»

አስተርጓሚ እንዲህ ማድረግ እንደማይችል ነገርኳት፤ አልሰማችኝም፣ ታለቅሳለች። ገባን። ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ገና አፉን ሳይከፍት እናት ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሱ የሚለውን እኔ በዓይኑ አይቼዋለሁ። አንተ ብቻ አታጣፍጠው።»

አላጣፈጥኩትም። ሐኪሙ በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት እንዳለ፣ የጉበታቸው ሁኔታ ግን እንደማያስገባቸው ተናገረ። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሳይገለጥ ተነሣ። ስለ መብት፣ ስለ ሠንጠረዥ በዚያ ክፍል የተነገረ ነገር የለም። የተነገረው ስለ ሞርፊን ነው፤ ያ ደግሞ የሙከራ መድኃኒት አይደለም፣ ከ200 ዓመት በላይ የሚታወቅ ነው።

አገር ቤት ቢሆኑ ይህንንም ማግኘታቸው ያጠራጥራል። ላንሴት የሰበሰበው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2017 እንዳወጣው፣ በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው ወደ 298.5 ቶን የሚጠጋ በሞርፊን ልክ የተሰላ የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሞርፊን ሕጋዊ ነው፤ ዓለም አቀፉም ስምምነት ለሕክምና ይፈቅደዋል። ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ባለሙያዎችን ወደ ታማሚ ቤት ይልካል። ሆኖም ቁጥጥሩን የፈራ ሐኪም አያዝዝም፣ ሱስ ያስይዛል ብሎ የሰጋ ቤተሰብ አይቀበልም፣ ክፍለ ሀገር ያለ መድኃኒት ቤት አያስመጣም። ሲያትል ላይ የሚሟገቱበት ገና ያልጸደቀ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ የጸደቀውም አልጋው ዘንድ አልደረሰም። ፍርሃቱ ግን ያው ነው፦ ታማሚን ከመርዳት ይልቅ መድኃኒቱ በሌላ እጅ እንዳይገባ መጠበቅ።

ሐኪሙ ስለ ሞርፊኑ አስረድቶ ሲጨርስ ጥያቄ ካላቸው ጠየቀ። እናት ትንሽ ዝም አሉ።

«ቀኑስ ደኅና ነው» አሉ፤ «ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። የሚከብደኝ ሌሊቱ ነው። ያ የሚያስፈራኝ ሐሳብስ? እሱንም ያስተኛልኛል?»

ተረጎምኩለት። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና «ሕመሙን ያስተኛዋል በላቸው» አለኝ።